ወደ ወልዲያ የሚጋልበው ሰው

መርሳ ላይ ጎማ የሚለጥፈው ፈንታው ሰውየውን ያየው፣ ከወልዲያ የሚሸሸው ሕዝብ አስፋልቱን በሞላበት ቀን ነው። እሱ ብቻ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ወልዲያ ያቀናል። ከመታጠብ ብዛት በገረጣው ካናቴራው ላይ «ለስኳር ሕመም ምርምር እንጋልብ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

«ጋሼ፣ ውድድሩ ወደ ታች ዞሯል፤ አልነገሩዎትም?» አለው ፈንታው ጎማውን እየፈታ።

ሰውየው ፈገግ አለ እንጂ አልተቀየመም። ውሃ ቢሰጠው መጀመሪያ አልጠጣም፤ ከኮርቻው ኋላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ በታሰረችው ትንሽ ማሰሮ ላይ አርከፈከፈና የተረፈችውን ተጎነጨ።

«የልጄ ኢንሱሊን ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል» አለ። «ያኔ የጋለብነው ለበሽታው መዳኛ እንዲገኝለት ነበር። አሁንማ መዳኛው ይቆየኝ፤ የዛሬዋ መርፌ ትድረስላት።»

«እዚሁ ይደሩ እንጂ። ሲሪንቃ ላይ ተኩስ አለ ይላሉ።»

«እኔስ ባድር ምን ገዶኝ ወንድሜ፤ ያለዚህ የማታድረው እሷ ናት።»

ፈንታው ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ጎማውን ነፍቶ እንደጨረሰ መሣሪያዎቹን እንደተበተኑ ትቶ፣ በሚሸሸው ሕዝብ መሃል ቀድሞ ገባና «አሳልፏቸው፣ እባካችሁ አሳልፏቸው» እያለ መንገድ ይከፍትለት ጀመር።