ከጋላባት በፊት መበላት ያለበት ምሳ

ጣሃ ቤቱን ይዞ ገዳሪፍ የገባው በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። የማሽላ አጨዳ ወቅት ነበር፤ የጀማሉ የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ ከድንበሩ እርሻ፣ ከፋሽጋ በሚመጡ ሹፌሮች ተጣቦ ነበር።

የጣሃ ቤት መኪና ነው። አሮጌ አውቶቡስ ገዝቶ ወንበሮቹን ነቅሎ ጣለ። በቦታቸው ተጣጣፊ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ቁም ሳጥን አስገጠመ። ጣራው ላይ የውሃ በርሜልና የገመድ ጥቅል ጭኗል። በዚህ መኪና ከካርቱም መንገደኞች እየጫነ በጋላባት በኩል ኢትዮጵያ ያስገባል። ከጎንደር ወደ መቀሌ ይወጣል፤ ከመቀሌ ወደ አፋር ይወርዳል። እዚያ መሬቱ ይጨሳል፤ ውሃው ማንም እሳት ሳያነድበት ይፈላል። ጣሃ እንግዶቹን በገመድ ገደል ያወርዳቸዋል፣ እሳተ ገሞራው አፍ ድረስ በእግር ያስወጣቸዋል፣ ሲደክማቸው ፍል ውሃ ውስጥ ያስገባቸዋል። ለዚህ ሁሉ ደህና ገንዘብ ይከፍሉታል።

ጀማሉ ይህን ሲሰማ፣ "ሰው ለመቃጠል ይከፍላል?" አለ።

የኢትዮጵያውያኑ ሠፈር መኪናውን ለማየት ተሰለፈ። ሴቶች ፍራሹን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉ። አንድ ሽማግሌ ምድጃው ካልተለኮሰልኝ አላምንም ብለው ሻያቸውን እዚያው ውስጥ ጠጥተው ወረዱ። ጀማሉ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ያያል። እሱ ባለሦስት ክፍል የጡብ ቤት ሠርቷል። ያንን ለማየት የተሰለፈ ሰው አልነበረም።

የቅናቱ ሥር ግን ሌላ ነው። ጣሃ የጀማሉ ሚስት የዘሐራ የአጎት ልጅ ነው። በእነሱ ዘንድ ልጃገረድ መጀመሪያ የምትታሰበው ለአጎቷ ልጅ ነው፤ ዘሐራም ለጣሃ ታስባ ነበር። ጣሃ ሊቢያ ሄዶ ድምፁ ሲጠፋ ጀማሉ ሽማግሌ ላከና ወሰዳት። ጣሃ ሲመለስ ልጃቸው ሲሃም እየዳኸች ነበር። አሁን ሲሃም ከሰላ ከተማ ተቀምጣ ትማራለች። ጣሃ እስካሁን አላገባም። ጀማሉ ይህን አለማግባት እንደ ዛቻ ይቆጥረዋል።

የዚያን ጊዜ መንገደኞች ሦስት የካርቱም መምህራን ነበሩ፤ ሦስቱም ሴቶች። ትልቋ ዳሊያ ትባላለች። ዘሐራ በመጡ ማግስት ተወዳጀቻት። ረቡዕ ጧት ዘሐራ ሱቅ ድረስ መጣች።

"አቡ ሲሃም፣ አንድ አልጋ ትርፍ አላቸው" አለች፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታው።

"ታዲያ?"

"ዳሊያ ነይ ብላኛለች። ጉልበቴን በፍል ውሃ ብዘፈዝፈው ይሻለኛል።"

"ጉልበትሽ ትናንት ደህና ነበር።"

"ትናንት አልጠየቅከኝም። እዚህ ተወልጄ የአባቴን አገር ከመተማ አልፌ አላየሁም። አንተም ና ከፈለግህ።"

"በአጨዳ ወቅት ሱቅ ተዘግቶ? ከጣሃ ጋር አትሄጂም።"

"የምሄደው ከሴቶቹ ጋር ነው። እሱ ሹፌር ነው።"

"ኸላስ፣ በቃ። አትሄጂም አልኩ።"

ዘሐራ ነጠላ ጫማዋን እያጮኸች ወጣች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀማሉ አንድ የሚያውቀውን ሹም ቤቱ ጋብዞ ሻይ አስፈላለት። አውቶቡሱ መንገድ ዘግቷል አለው። ገመድ ጭኖ ድንበር የሚመላለስ መኪና ሠፈር መሐል መክረሙ ደስ አይልም አለው። ሹሙ ሻዩን ጨርሶ "አየዋለሁ" ብሎ ሄደ። በገዳሪፍ "አየዋለሁ" ያለ ሹም ብዙውን ጊዜ አያይም። ጀማሉም እስኪመሽ ረስቶት ነበር።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወንዶቹ ከሱቁ ፊት ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ሴቶቹ በጀማሉ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ ከአጥሩ ወዲያ ድምፃቸው ይሰማል። ጣሃ አንዲት መንገደኛው ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥላ ለእናቷ ስልክ እንደደወለች ያወራል።

"'እናቴ፣ ተንጠልጥያለሁ' ትላለች። እናትየዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? 'ግዴለም ልጄ፣ ካገባሽ በኋላ ትለምጅዋለሽ።'"

ወንዶቹ ሳቁ። ከአጥሩ ወዲያ የዘሐራ ሳቅ ከሁሉ በልጦ ተሰማ። ጀማሉ ያንን ሳቅ ከሰማ ዓመታት አልፈዋል።

"ጣሃ" አለ፣ "የሁሉን ቤት ምሳ በላህ፤ የኔን አልበላህም።"

"ኧረ ጀማሉ፣ ምን አስቸኮለህ? እስከ ቅዳሜ አለን።"

"አንተም እንግዶችህም ምሳዬን ሳትበሉ ከሱዳን ምድር አትወጡም። ዓለይ ጠላቅ።"

ጨዋታው ቆመ።

"ዓለይ ጠላቅ" ማለት ያልኩት ካልሆነ ሚስቴ ፍች ትሁን ማለት ነው። በገዳሪፍ ገበያ ወንድ በዚህ የሚምለው ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ነው፤ እንግዳውም ለሰው ትዳር ሲል ይጠጣል። ጀማሉ ግን በዚህ መሐላ ሁለት ጊዜ ተይዟል። አንዴ በፍየል ዋጋ ምሎ ተሸነፈ። አንዴ ጎረቤቱን ራት ካልበላህ ብሎ ማለ፤ ጎረቤቱ ሆዱን አሞት ሳይበላ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ የሠፈሩ ሼኽ ዘሐራን መልሰውለታል። በሁለተኛው ግን ሰው ፊት፣ "ሦስተኛው መመለሻ የለውም፤ ሌላ ባል አግብታ እሱም ካልፈታት በቀር ለአንተ አትሆንም" ብለውታል። ሌላው ባል ማን ሊሆን እንደሚችል ሼኹ አልተናገሩም። መናገር አላስፈለገም።

"ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንበላለን" አለ ጣሃ ዝግ ብሎ። "ኢንሻአላህ። በቃ፣ ሻይ ጨምሩ።"

ሐሙስ ጀማሉ ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ አውቶቡሱ የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር። ዳቦ ሻጩ ነገረው። ገና ሲነጋ ሰዎች በሞተር ብስክሌት መጥተው ከከተማ ውጡ አሏቸው። ጣሃ ቢለምንም አልሰሙትም፤ ወደ ጋላባት እስከሚያወጣው የዶካ መንገድ አጅበው አስወጧቸው።

ሹሙ ለአንዴ እንኳ ያለውን አይቶለት ነበር።

ቤቱ ሲመለስ ዘሐራ ወሬው ደርሷት የበግ ሥጋ ጥዳ ነበር። ቀና ብላ አላየችውም።

"ጋላባት ላይ ጉምሩክ ያቆያቸዋል" አለች። "ይሄ እስኪበስል መኪና ፈልግ።"

"የጣሃ ስልክ ማን ጋ አለ?"

"እኔ ጋ።"

"አንቺ ጋ ለምን ተገኘ?"

"የአጎቴ ልጅ ነው። ዛሬ የምትጠይቀኝ ይሄን ነው?"

ደወለች። አይሠራም። ጀማሉ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ስሙ እንዴት እንደተመዘገበ አየ። "ጣሃ" ይላል። ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለም። ጀማሉ ያንን ብቻውን የቆመ "ጣሃ" አልወደደውም።

ነዳጅ በጠፋበት ወር ባለታክሲዎቹ ሁሉ ሰልፍ ላይ ነበሩ። የተገኘው ረዳ ነው፤ የትግራይ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የጀማሉ የቆየ ደንበኛ። ጭነት ለማምጣት ባዶውን ወደ ጋላባት ይሄዳል። ጀማሉ መሐል፣ ዘሐራ በበሩ በኩል ተቀመጡ። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ የእጅ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አድርጋለች።

"ድስቱ ምንድን ነው?" አለ ረዳ ከከተማ እንደወጡ።

"ምሳ" አለ ጀማሉ።

"ጋላባት ምግብ ጠፋ እንዴ?"

ዘሐራ የመሐላውን ነገር ነገረችው፤ ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር። ረዳ መሪውን ይዞ ብዙ ሳቀ።

"እኛ ዘንድ ሰው የሚምለው በእናቱ ነው" አለ። "እናት አትፈታም።"

"ንዳው" አለ ጀማሉ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቆረጠ ማሽላ ተከምሯል። ጀማሉ እሱን አላየም። የሚያየው የሚስቱን ልብስ ነው። ለዒድ የገዛላትን ቶብ ተጠቅልላለች። ዓይኗን ተኩላለች።

"ይሄ ሁሉ ለምሳ ነው?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ለምሳም ይሁን ለፍች ሰው ፊት ነው የምቆመው።"

"ጣሃ ፊት ነው የምትቆሚው።"

"አንተ ነህ ወደ እሱ የምትወስደኝ" አለች።

ረዳ ራዲዮውን ከፈተ።

ዶካ ላይ ሻይ ሻጯን ጠየቁ። ቤት የመሰለው መኪና ካለፈ ቆይቷል አለች፤ ሹፌሩ ደግሞ ሰው የሚስቅለት ዓይነት ነው አለች። ማንም ያልጠየቃትን ነው የተናገረችው። ከዶካ በኋላ ኬላ ላይ ወታደሮች ድስቱን ከፍተው አሸተቱ፣ ለመቅመስም ፈለጉ። ዘሐራ የማን ትዳር እንደሆነ ስትነግራቸው በሳቅ አሳለፏቸው። ጀማሉ ልቡ ከመኪናው ቀድሞ ይሮጣል። የድንበሩን ድልድይ የተሻገረ አውቶቡስ በዓይኑ ይታየዋል፤ ከዚያ ሼኹ ይታዩታል፤ ከዚያ ጣሃ በጡብ ቤቱ በር ጫማውን ሲያወልቅ ይታየዋል።

ጋላባት ደርሰው ጉምሩኩን ዞር ሲሉ አውቶቡሱ ከድልድዩ ወዲህ ዛፍ ሥር ቆሟል። መምህራኑ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለዋል። ጣሃ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ የገመድ ቋጠሮ ይፈታል።

"ዘገያችሁ" አለ።

"ትጠብቀን ነበር?" አለች ዘሐራ።

"ወረቀታችን ካለቀ ቆየ። ማለፍ እችል ነበር። ግን ይሄ ሰው ምሏል፤ እንዴት ልለፍ? ስልኬን ደግሞ በጥድፊያ ስንነሳ አጣሁት።" ወደ ጀማሉ ዞረ። "የሠፈር ሰው ከሷችኋል ነው ያሉን። ማን እንደሆነ አልነገሩንም።"

ጀማሉ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ትዳሩ ተርፏል። ግን ያተረፈለት ጣሃ ነው፤ ሳይለመን፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጠብቆ። ቢሄድ ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ ሽው አለበትና ራሱን ፈራ።

ዘሐራ ድስቱን እንደያዘች ወደ ጭነት መኪናው ጀርባ በዓይኗ ጠራችው።

"ትናንት ለሹሙ ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ" አለች።

"መንገድ ዘግቶ ነበር።"

"አቡ ሲሃም።"

"እሺ። እኔ ነኝ።"

ዘሐራ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ ጫነች።

"ስማኝ። ይሄን ካልከፈትኩት ድልድዩን ሲያልፉ ተፈትቻለሁ። ከዚያ ማንንም ሳላስፈቅድ እሄዳለሁ። ከከፈትኩት ሚስትህ ነኝ፤ ፈቅደህልኝ እሄዳለሁ። መሄዱን እሄዳለሁ። ፓስፖርቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።"

"ይሄንን ጧት ነው ያሰብሽው?"

"ሽንኩርት ስልጥ።"

ጀማሉ በመኪናው ጎን አሻግሮ ጣሃን አየው። እጅጌውን ሰብስቦ ከጀሪካን ውሃ እያፈሰሰ እጁን ይታጠባል። ጀማሉ ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለገ። የራበው ሰው ፊት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

"ሂጂ" አለ።

"እንዲሰሙህ አድርገህ።"

"ዘሐራ ከእናንተ ጋር ትሄዳለች" አለ ጀማሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ዳሊያ ከምንጣፉ ላይ አጨበጨበች።

ዘሐራ ክዳኑን ከፈተች። ጣሃ መጀመሪያ ጎረሰ። ሁለቱ መምህራን ተከተሉ። የመጨረሻዋ፣ ቀጭኗ፣ ሆዷን ይዛ አልፈልግም አለች። ጀማሉ ወደ እሷ ጠጋ አለ። መሐላው እንግዶቹን ሁሉ ይጨምራል።

"ብዪ እንጂ" አለቻት ዳሊያ በአረብኛ። "የሰው ትዳር ነው የያዝሽው።"

ልጅቷ አንድ ጉርሻ አላምጣ እስክትውጥ ጀማሉ ከጉሮሮዋ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ረዳም ሳይጋበዝ ተቀምጦ በላ።

አውቶቡሱ ድልድዩን ሲያልፍ ዘሐራ ከኋላው መስኮት እጇን አወጣች። ጀማሉ ባዶውን ድስት ይዞ ቆሟል። ረዳ ገዳሪፍ እስኪደርሱ በነገሩ አልቀለደበትም፤ ጀማሉን ያሳፈረው ይሄኛው ነው።

ከሳምንት በኋላ ጧት፣ ሱቁ ሞልቶ ሳለ፣ ዘሐራ ከአፋር ደወለች። ድምፁ እየቆራረጠ ይመጣል።

"ውሃው እንቁላል ያበስላል" አለች። "ትናንት በገመድ ወረድኩ።"

"ገመዱን ማን ያዘልሽ?"

"ጣሃ ነዋ። ሥራው ነው።"

ጀማሉ የትራክተር ቺንጊያ የሚጠይቀውን ደንበኛ በእጁ ቆይ አለው።

"የት ነው የሚተኛው?"

"ጣራው ላይ።"

"አንቺስ?"

"ውስጥ፣ ከሴቶቹ ጋር። ግን ሙቀቱ ማንንም አያስተኛም።"

"እና ምን ታደርጋላችሁ?"

"ምን እናደርጋለን? ውጭ ቁጭ ብለን እናወራለን።"

"ምን ታወራላችሁ?"

"ሁሉን ነገር። ስለ ሊቢያ፣ ስለ ልጅነታችን። ትናንት ደግሞ—"

ስልኩ ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል አይሠራም። ጀማሉ ቺንጊያውን ለደንበኛው ሳይሰጥ ሱቁን ዘጋ፤ በአጨዳ ወቅት፣ በጠራራ ፀሐይ። ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጀማሉ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ቆንስላ ሄደ። ፓስፖርት ለማውጣት ምን ያስፈልጋል ብሎ ዘበኛውን ጠየቀ።

"የዛሬው ሰልፍ ሞልቷል" አለው ዘበኛው። "ነገ ና።"

ጀማሉ በዛሬና በነገ መካከል ስንት ወሬ እንደሚወራ አሰበ። የነገው ሰልፍ ከየት እንደሚጀምር ጠይቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።