ወላጅ አምጣ

ባለፈው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህራችን ክፍል ውስጥ ጥያቄ አነሱ፤ ከትምህርት ቤት መቅረት እንደ ወንጀል ይታይ ወይስ አይታይ? ብዙ እጅ ወጣ። ተማሪው ባይቀጣ ወላጁ ይቀጣ ያለ ነበር፤ ፖሊስ በየፑል ቤቱ ይዙር ያለም ነበር። እኔ ጥያቄ ሲጠየቅ እጃቸውን ቀድመው ከሚያወጡት አንዱ ነኝ። ያን ዕለት ግን አላወጣሁም። የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ብጀምር እንደምጮኽ ስላወቅኩ ነው። በጽሑፍ ይሻለኛል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ዴስክ የምንጋራ ጓደኛ ነበረኝ። ከከተማችን ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለው ቡሹሎ ከታላቅ እህቱና ከእህቱ ሕፃን ልጅ ጋር ይኖር ነበር። አባታቸው ሞተዋል፤ እናታቸው ገጠር ናቸው፣ ታመው ከአልጋ አይወርዱም። እህቱ ፋብሪካ ትሠራለች። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት ሕፃኑ ከእሱ ጋር ያድራል፤ ጠዋት ከሰርቪስ ስትወርድ ልጁን ያስረክባትና ባጃጅ ፍለጋ ይሮጣል። ሰርቪሱ በጊዜ ከደረሰ እሱም ይደርሳል። ሰርቪሱ ከዘገየ ግን ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ በሩ ይዘጋል።

የእኛ ትምህርት ቤት በር አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ ነው። ጥበቃው በቀዳዳው አይተው «ነገ በጊዜ ና» ይላሉ፤ እዚያው በር ላይ መቆምም አይፈቀድም። ታዲያ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የት ይሂድ? ቤት እንዳይመለስ እህቱ ተኝታለች፤ ካየችው ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያነብና ከሰዓት በኋላ ያመለጠውን ከእኔ ደብተር ይገለብጣል።

አንድ ጠዋት ፖሊሶችና ደንብ አስከባሪዎች ዩኒፎርም የለበሰውን ሁሉ መልቀም ጀመሩ። ከፑል ቤት የወጡትን፣ ጫት ይዘው የተገኙትን፣ እሱንም ከነፊዚክስ መጽሐፉ አንድ ፒካፕ ላይ ጫኗቸው።

«በትምህርት ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው አንዱ ፖሊስ።

«በሩ ተዘግቶብኝ ነው።»

«አይ እናንተ! ሁላችሁም ላይ ነው የሚዘጋው?» ብሎ ሳቀበት።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ለቀቃቸው። ትምህርት ቤቱ ግን ወላጅ አምጡ፣ ያለ ወላጅ ማንም ክፍል አይገባም አለ።

በማግስቱ እህቱ ከፈረቃ በቀጥታ መጣች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚከታተሉት መምህር፣ ዩኒት ሊደሩ፣ ቆመው አነጋገሯት።

«ወላጅ ነው ያልኩት። አንቺ እህት ነሽ።»

«የማሳድገው እኔ ነኝ፣ መምህር።»

«አንቺ ራስሽ ገና ልጅ ነሽ እኮ። እናቱ ይምጡ።»

«ከአልጋ አይወርዱም ነው የምልዎት!»

«እንግዲህ ሲሻላቸው ይምጡ።»

በዚያው ሳምንት ከፑል ቤት የተያዘው የክፍላችን ልጅ «አባቱን» ይዞ መጣ። አባት የተባለው ሰውዬ ሻይ ቤት ያገኘው የቤት ደላላ ነው፤ ይህ በተማሪ ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። ደላላው ቢሮ እንደገባ ልጁን በጥፊ አጮለው። «አንተ ባለጌ! ለዚህ ነው የማስተምርህ?» ዩኒት ሊደሩ ራሳቸው ተነሥተው «ኧረ ይተዉት፣ ልጅ ነው» እያሉ ገላገሉ። ልጁ ጉንጩን እያሻሸ ክፍል ገባና «ሰውዬው ትንሽ ቢመክረኝ አይበቃም ነበር?» አለን። ሁላችንም ሳቅን።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ለእኔም እሱን ጥሩልኝ» አለ። ተው አልኩት፤ አባቴን እጠይቅልሃለሁ። አባቴ መሃል ከተማ አንድ ቢሮ ይሠራል፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ሰው የሚያከብረው ሰው ከሄደ ነገሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሁሉንም ሰማኝና «እሄዳለሁ» አለ። «አባቱ ነኝ ግን አልልም።»

«አባዬ፣ ካልጠየቁህ ዝም በል በቃ።»

«ከጠየቁኝስ?»

ጠየቁት። ያውም አብረን ቢሮ ገብተን ገና ሳይቀመጥ።

«የልጁ አባት ነዎት?»

«አይደለሁም፤ የጓደኛው አባት ነኝ። ልጁ ለምን እንደሚያረፍድ ላስረዳዎት ነው የመጣሁት። ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፣ እፈርማለሁም።»

ዩኒት ሊደሩ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙት። «ጋሼ፣ ቅንነትዎን አደንቃለሁ» አሉ። «ግን መመሪያ ነው። ለእርስዎ ከፈቀድኩ ነገ ሁሉም ከመንገድ ሰው እየጎተተ ይመጣል።»

በመስኮቱ በኩል ያ ጥፊ የቀመሰው ልጅ መረብ ኳስ ሲጫወት ይታየኝ ነበር። ብናገር እሱ ይባረራል። ባልናገር ጓደኛዬ ከበሩ ውጭ እንደቆመ ነው። አልተናገርኩም። ስንወጣ ጓደኛዬ ፊታችንን አየና ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ።

ማታ አባቴን ተቆጣሁት፤ እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። «አንዲት ቃል ነበረች እኮ!» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። ጠዋት ግን ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደ። እዚያ ደግሞ የጓደኛዬ እህት ሕጋዊ ሞግዚቱ ስለመሆኗ ከፍርድ ቤት ማስረጃ ታምጣ ተባለ። ፋብሪካው ፈቃድ እስኪሰጣት፣ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ እስኪሰጣት ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት ጓደኛዬ በየቀኑ «ቀሪ» ተባለ። ማስረጃው ሲመጣ፣ ብዙ ቀን ስለቀረ ከክፍል ተሰርዟል አሉን።

እኔ ሥርዓት አልጠላም። በሰዓቱ እገባለሁ፣ የታዘዝኩትን እሠራለሁ። ግን ይህን ልጅ ያስቀሩት እነሱ ናቸው፤ ስለቀረም ያባረሩት እነሱ ናቸው። ወንጀል ይሁን የሚሉኝ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉት ነው? እሱ እኮ ተይዟል፣ ተፈርዶበታል፣ ቅጣቱንም ጨርሷል። መዋሸት የቻለው ልጅ ደግሞ አንድም ቀን አልተቀጣም።

ጓደኛዬ አሁን ቀን እየሠራ በዚያው ትምህርት ቤት የማታ ተማሪ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ እሱ ገና ዘንድሮ ነው አሥራ ሁለተኛን የሚፈተነው። ባለፈው ሳምንት ያጠናሁባቸውን መጻሕፍት ይዤለት ስሄድ ከግቢው ሲወጣ አገኘሁት።

«ምነው በጊዜ?»

«መምህሩ ቀረ። ሒሳብ ነበረን። ባለፈውም ቀርቷል።»

«ታዲያ ዝም አላችሁ?»

«ምን እናደርገዋለን? ስም አንጠራበት ነገር!»

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልቻልኩም። መጻሕፍቱን ተቀበለኝና የሒሳቡን እዚያው ከፍቶ ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ቅዳሜ ታስረዳኛለህ?»

«እሺ።»

«የክፍሌን ልጆችም ይዤ ብመጣስ? ፈተናው ደርሷል፤ ከመካከላችን ይህ የገባው አንድ ሰው የለም።»