ወፎች ያልተመዘገቡበት ማሽላ

ክልሎች ገና በተቋቋሙ ሰሞን፣ በጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የተነሣሁት የአንድ ጥያቄ መልስ ላመጣ ነበር። የሰብል ምርምር ባለሙያ ነኝ። የምሠራበት ማዕከል በዚያ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አቀንጭራን የሚቋቋም አዲስ የማሽላ ዘር በአሶሳ አቅራቢያ ወዳለው የመንጌ ወረዳ ልኮ ነበር። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ከመሬት ውስጥ እየመጠጠ ማሳ የሚያራቁት አረም ነው። በኋላ ወደ እኛ የደረሰው ሪፖርት «ውጤቱ እጅግ ጥሩ» ይላል።

አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ነይ» አለኝ። «አዎ ወይም አይሆንም በይኝ። አዎ ካልሽ በሚመጣው ዓመት ወረዳው በሙሉ ይህንኑ ይዘራል።»

ሚዛን፣ ሜትርና አንድ ክምር ቅጽ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ።

ሁለት ቀን በአውቶብስ

ከአውቶብስ ተራ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ነቀምቴ አደርን። ለአልጋ አሥር ብር ከፍዬ፣ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ። በማግስቱ መንገዱ አቧራና ጭቃ እያፈራረቀ ወደ ምዕራብ ወሰደን። ከመንዲ በኋላ አየሩ እየሞቀ፣ ሰውም ሹራቡን እያወለቀ ሄደ። ባምባሲ ላይ አውቶብሱ ሲቆም በስሙኒ አንድ ኩባያ የተቆላ ለውዝ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በግማሽ እንቅልፍ ያለፈ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ቀርከሃ፣ ስከድን ቀርከሃ። ነፋሱ ሲያጎነብሰው ጫካው በሙሉ አንድ ላይ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። የትኛውን በዓይኔ እንዳየሁ፣ የትኛውን እንዳለምኩ ዛሬም መለየት አልችልም።

አሶሳ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ስታዘቀዝቅ ነበር። ከተማዋ በማንጎ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጣለች። የመሥሪያ ቤቶቹ ሰሌዳ ቀለሙ ገና አልደረቀም። በግብርናው ቢሮ ወንበር ያልደረሳቸው ሠራተኞች በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ቢሆንም ሁሉም ነገር አሁን የሚጀመር ስለመሰላቸው ይሆናል፣ ፊታቸው ብሩህ ነበር።

ሐምራዊው ማሳ

በማግስቱ ጠዋት በቢሮው ላንድሮቨር ወደ መንጌ ወጣን። ይዞኝ የሄደው ገመቹ የሚባል የወለጋ ሰው ነው። የመንጌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሲሆን ያንን ሪፖርት የጻፈውም እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡና ስለ ምስጡ ሲያጫውተኝ ቆየ። ስለ አዲሱ ዘር ስጠይቀው ግን፣ «ሲደርሱ ያዩታል እኮ» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

መኪናው ከቆመ በኋላ ሩብ ሰዓት በእግር ሄድን። ከዚያ አንድ ማሳ ድንገት ፊታችን ተዘረጋ። ሐምራዊ አበባ በአበባ ሆኖ፣ በማለዳው ጉም ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ያን ያህል ያማረ ማሳ አይቼ አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ነው ያየሁትን ያወቅሁት፤ አበባው በሙሉ አቀንጭራ ነው። በመካከሉ አሮጌው የአገሬው ማሽላ ቢጫ ሆኖ፣ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል።

የማሳው ባለቤት ሐዋ ከዳገቱ ወርዳ ተቀበለችን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች የበርታ ሴት ናት።

«አሰላሙ አለይኩም። አንተ ከአዲስ አበባ መጣህ? ደከመህ?» አለችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም ወደድኩት።

«ባለቤትሽ የሉም?» አልኳት።

«ባሌ አልሃዲ ወደ ወንዝ ሄደ። ወርቅ ያጥባል። ማሳ ምግብ ሲከለክል ሰው ወርቅ ይፈልጋል።»

አዲሱን ዘር የዘራችው ከላይ፣ ከቤቷ አጠገብ ነበር። ወደዚያ ስንወጣ ልቤ ሞቀ። አገዳው ወፍራም ነው፤ ከሥሩም አንድ አበባ የለም። እውነትም አረሙን ተቋቁሟል! ሜትሬን እያወጣሁ ቀና ስል ግን ዛላዎቹን አየኋቸው። ባዶ ናቸው። ገለባቸው ብቻ በነፋስ ይንቀሳቀሳል።

«ፍሬው የታለ?» አልኩ።

ሐዋ ወደ ሰማይ አመለከተች። «ወፍ በላ። የሰው ሁሉ ማሽላ ገና አረንጓዴ ነው። የኔ ብቻ ነጭ ሆኖ ደረሰ። ወፍ ሁሉ ወደ ሐዋ መጣ። ሃያ ቀን ማማ ላይ ቆሜ ጮህኩ፣ ወላሂ፣ ድምፄ ጠፋ።»

ወደ ገመቹ ዞርኩ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞራል።

«ቅጹ የሚጠይቀው የአረሙን ቁጥርና የአገዳውን ቁመት ነው» አለኝ። «ሁለቱንም በትክክል ነው የሞላሁት። ስለ ወፍ የሚጠይቅ ቦታ የለውም።»

ተቆጣሁ፤ ቁጣዬ ግን የት እንደሚያርፍ አጣሁ። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ሐዋ የምታውቀው

ከቤቷ ገብተን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን። ገንፎው ቀላ ያለ፣ እጅ ላይ የማይፈርስ ነው። ከአሮጌው ዘር የተሠራ ነበር። አዲሱን ብቻ እንድትዘራ በስብሰባ ላይ ቢነገራትም፣ የእናቷን ዘር አንድ እስር ከምድጃው በላይ ጭስ ውስጥ ሰቅላ አቆይታዋለች።

«ሁሉም ሰው አዲሱን ቢዘራ ወፉ ይከፋፈላል» አልኳት፣ ለራሴም እንደማስረዳ።

«እሱ እውነት ነው» አለች። «ግን ዝናብ መሐል ላይ ቢቆም፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይራባል። አሮጌው ይዘገያል፣ ዝናብ ይጠብቃል። ሁለቱም ይኑር።»

ከምሳ በኋላ ማንም ያልጠየቃትን ሦስተኛ ማሳ አሳየችኝ። ዘሩ ያው አሮጌው ነው፤ አቀንጭራው ግን እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት።

«ሁለት ዓመት ለውዝ ዘራሁ። ያ አበባ የለውዝ መሬት አይወድም።»

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያው ዓመት በአንድ የምርምር መጽሔት ያነበብኩት ይህንኑ ነበርና። የአቀንጭራ ዘር ከአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል፤ የሚነቃው የሥር ሽታ ሲደርሰው ነው። የለውዝ ሥር ይቀሰቅሰዋል፣ ግን አያበላውም። የነቃው ዘር የሚጠባው አጥቶ ይሞታል። ይህን ለሐዋ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች።

«እና ለውዝ ውሸታም ነው! ና ብላ ይለዋል፣ ምግብ የለም!»

ሁላችንም ሳቅን። ከታች ከወንዙ በኩል ሰዎች ዙምባራ ይነፋሉ፤ ረጅሙ የቀርከሃ መለከት ድምፁ በሙቀቱ ውስጥ እየዋዠቀ ይደርሰናል። እግራችን ሥር ያለው አፈር በሙሉ የተኙ ዘሮች አገር ሆኖ ታየኝ፤ ማን እንደሚጠራቸው ጆሯቸውን ጥለው የሚጠብቁ።

ከመነሣቴ በፊት ሐዋ እጄን ይዛ፣ «አንተ ስትመለስ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«ያየሁትን» አልኳት። ቀላል መልስ ነበር። አለቃዬ ፊት ቆሞ መድገሙ ግን ቀላል እንደማይሆን አውቄዋለሁ።

ወደ ቤት

በመልሱ መንገድ፣ በሁለቱም ቀን፣ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጀርባው ጻፍኩ። አዲስ አበባ ብርድና ጭስ ተቀበለችኝ። ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ቢሮ ገባሁ።

«አዎ ነው ወይስ አይሆንም?» አለኝ አለቃዬ።

«ሁለቱም አይደለም» አልኩት። አዲሱ ዘር ከአሮጌው ጋር እንጂ በእሱ ፈንታ እንዳይታደል፣ ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን እንዲዘሩት፣ ማሳውም በየተራ ለውዝ እንዲዘራበት መጻፌን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ለበላዮቹ የገባው ቃል ነበር።

«ይህን ሐሳብ ያመጣው ማነው?»

«አንዲት ገበሬ። የመንጌ ሰው ናት።»

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ ወረዳውን በሙሉ የሚለውን ሰርዞ፣ በአሥር ገበሬዎች ማሳ ለሁለት ዓመት እንዲሞከር ፈረመ። የጠየቅሁት ሁሉ አልነበረም፤ ግን የማንም ዘር አልጠፋም።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ከገመቹ ደብዳቤ ደረሰኝ። ወፎቹ እንደተለመደው መጥተው በአሥሩም ማሳ ተበትነዋል። ሐዋ ጎተራዋን ባትሞላም አጋምሳለች፤ አልሃዲም ከወንዙ ተመልሶ አጨዳ ላይ ነው።

ያ ጉዞ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ከዚያ ወዲህ ወደ ማንም ማሳ ስገባ ሜትሬን የማወጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ባለማሳውን፣ «ያልጠየቅሁህ ምን አለ?» እላለሁ።