የጋሽ ሞረድ እርማት

ጋሽ ሞረድን በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሚስታቸው ብቻ ናቸው፤ ያውም ሲቆጡ። ዕድሜ ልካቸውን ቢላና መቀስ ሲስሉ ኖረዋል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እሳቸው ላይ ሁለቱም ደርሷል።

አንድ ቀን የሟቹ ጎረቤታቸው የጫማ ሰፊው ሚስት ዝገት የበላው የቆዳ ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ሰውየው በሕይወት ሳለ ቢላውን ለማንም አይሰጥም፣ ራሱ ነበር የሚስለው።

«ልጄ የአባቷን ሥራ ልትጀምር ነው» አለች።

ጋሽ ሞረድ ቢላውን ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ዝገቱ ሲለቅ ሳቃቸው መጣ። የቆዳ ቢላ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሞረደው፤ ይኼ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ተሞርዷል።

«አይ ባልሽ! ነፍሱን ይማርና፣ ቢላ መሳል አያውቅም ነበር!»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ሞረድ ካሉ አሉ ነው። እሳቸውም ያንን ጎን ፈጭተው አጠፉና በሌላው ጎን አዲስ ስለት አወጡለት፤ መስታወት አስመስለው ሰጧት።

ሰንበት ብሎ ጫማቸው ተተረተረና ልጅቷ ሱቅ ሄዱ። ቆዳ እየቆረጠች ነበር። ቢላው መስመሩን እየሳተ ይሸሻል፤ እግሯ ሥር የተበላሸ ቆዳ ተከምሯል።

«ቢላውስ እርስዎ የሳሉት ነው፣ እንከን የለውም» አለች። «የአባቴ እጅ ነው ያልወጣልኝ። ልተወው ነው፣ ጋሼ።»

ያኔ እጇን አዩ። ቢላውን የያዘችው በግራዋ ነው።

«አባትሽም . . .?»

«አዎ፣ እሱም ግራኝ ነበር።»

ቢላውን ተቀብለው የሞረዱትን ጎን ገልብጠው አዩ። ያ ሰው በራቸው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቆዳ ሲቆርጥ ስንት ዘመን አይተዋል! አይተው ግን ልብ አላሉም።

«እጅሽ ምንም አልሆነም፣ የኔ ልጅ። እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።»

ቢላውን ወስደው እንደ ቀድሞው ሞረዱት። ከሁለት ጎን ተበልቶ ጣት አክሎ ቀረ። ልጅቷ ቆዳው ላይ ስትስበው ግን መስመሩን ይዞ ሄደ። ደስ አላት። እሳቸው አልሳቁም።

«እናትሽ አለች?»

«ጓዳ ናት። ድሮ የአባቴን እጅ አመስግና አትጠግብም ነበር፤ ቢላውን ካመጣች ወዲህ ግን ስሙንም አታነሳ።»

ጋሽ ሞረድ ባርኔጣቸውን አውልቀው የጓዳውን በር አንኳኩ። ሴትዮዋ ከፍታ «ግቡ እንጂ!» ብትላቸው፣ ያ ስል አፋቸው አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው።