ለልጄ የዘገየ መርዶ

የአባቴ መርዶ ለእኔ እንደ ወጉ ነው የመጣልኝ። ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ግማሹ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጄ ላይ ቆሟል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ለካ ከእኔ በቀር ሰቆጣ ሁሉ አውቆ አድሯል። ዋዜማውን ገበያ ያገኘችኝ ጎረቤቴ «ደህና ነሽ ግን?» እያለች የደጋገመችው ለጤናዬ ተጨንቃ አልነበረም። መርዶ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ቢሆንም ደግ ሥርዓት ነው፤ ያቺን አንድ ሌሊት ያስተኙሻል፤ ስትወድቂም የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ አለ።

ከእኔም በኋላ የምትሰማ አንዲት ሰው ግን ቀረች፤ የሰባት ዓመቷ ልጄ። ያን ማለዳ ጎረቤቴ በጓሮ በር አውጥታ ቤቷ ወሰደቻትና ብስኩት ሰጠቻት። አባቴ አምደወርቅ የሚኖሩ ቄስ ነበሩ። ልጄ ክረምቱን ሁልጊዜ የምታሳልፈው እሳቸው ዘንድ ነው። ምን ብለን እንንገራት?

ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በዚያው ሰሞን ስለ ልጆች የአእምሮ ጤና ሥልጠና ወስዶ ቦርሳና ኮፍያ ይዞ ተመልሶ ነበር። «ለልጅ ሞት በዝግጅት ነው የሚነገረው» አለ። ዝግጅቱ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ግን እሱም ገና እየተዘጋጀ ነበር። እሱ እስኪዘጋጅ ጎረቤቴ ቀደመችውና «አባባ ጸበል ሄደዋል» አለቻት። እኛም ተመችቶን ዝም አልን።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛ እያደር ይከብድ ነበር። ጥቁር የለበስኩት ሌላው ልብሴ ታጥቦ ነው። ለተዝካሩ አምደወርቅ የሄድነው ለስብሰባ ነው። ዓይኔ ያበጠው ጥርሴን አሞኝ ነው። ይህን የሰማች ዕለት ልጄ ከባለ ሱቁ ለምና ቅርንፉድ አመጣችልኝ። ፊቴ ቆማ እያየችኝ ስለነበር መትፋት አልቻልኩም። የአባቴን ሐዘን ቅርንፉድ እያኘክሁ ተወጣሁት።

ልጄ ግን እየተለወጠች ሄደች። ከአምደወርቅ የሚመጣው ሚኒባስ በሚገባበት ሰዓት ደጅ ወጥታ ትቀመጣለች። ምግብ አስጠላት። አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት እንደተወች ነገረችኝ። አልጋ ማርጠብ ከተወች ዓመታት ያለፏት ልጅ እንደገና ጀመረች። ባለቤቴ «ለውጡን እንከታተል» አለ። እኔ ፈራሁ። አባቴ አርጅተው ነው የሄዱት፤ ልጄ ግን ዓይኔ እያየ ከእጄ እየወጣች መሰለኝ።

ከአርባው በኋላ የአባቴ ታላቅ እህት ከአምደወርቅ ሊጠይቁን መጡ። ለማስታወሻ እንዲሆነኝ የአባቴን ዳዊትና መነጽር በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ ነበር። ጨርቁን ሲፈቱ ልጄ መነጽሩን አየችው። አንዱ ጎኑ በክር የታሰረ ነው። ክረምት ላይ ተቀምጣበት የሰበረችው እሷ ናት።

«አባባ ያለ መነጽር ዳዊት መድገም አይችልም» አለች። ቆይታ ደግሞ በቀጭን ድምፅ፣ «የማይመጣው እኔ ስለሰበርኩበት ነው አይደል?»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትቆልል ከርማለች። ከሐዘን ያዳንናት መስሎን ከባሰ ነገር ጋር ብቻዋን ቆልፈንባታል። አክስቴ እኔንና ባለቤቴን በየተራ አዩን።

«አልነገራችኋትም?»

«ዝግጅት እያደረግን . . .» ብሎ ባለቤቴ ጀመረ። አክስቴ በኽምጣኛ መለሱለት። እሱ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ኽምጣኛ አይሰማም። አልተረጎምኩለትም፤ ትዳሬን እፈልገዋለሁ።

«በይ ጎረቤትሽን ጥሪ፤ ልጅቱ ትረዳ» አሉኝ።

«አሁን? ከምሳ በኋላ? መርዶ እኮ በማለዳ ነው፣ አክስቴ።»

«ማለዳውንማ እናንተ በላችሁት።»

ተነሥተው ደጅ ወጡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ያችኑ ጸበል ያለችውን ጎረቤቴን አስከትለው፣ አሁን ከወጡበት በር ተመልሰው እንደ እንግዳ አንኳኩ። እኔ ልጄን አቅፌ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ። አክስቴ ገብተው ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉና ሁለት እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ አባባሽ ሞቱ። ታመው ነው የሞቱት። በመነጽሩ አልተቀየሙሽም፤ ክሩን ለመጣው ሰው ሁሉ እያሳዩ ይስቁ ነበር። ከእንግዲህ ግን አይመጡም።»

ልጄ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቷ ዞረች።

«እናንተ አልቅሳችኋል?»

«አዎ» አልኳት።

«ያለ እኔ?»

ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች። እኔም እንደ አዲስ አለቀስኩ። ባለቤቴ ያለ ምንም ዝግጅት ተንሰቀሰቀ። ጎረቤቴማ ከሁላችን በለጠች፤ ለቅሶ ላይ መቼም አትታማም። ልጄን የያዝናት እንደዚያ ተሰብስበን ነው፤ እኔን እንደያዙኝ።

በማግስቱ አልጋዋ ደረቅ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልነበረም። ቁርሷን ግን በላች። ከዚያ ነጠላዬን ደርባ፣ ጫፉን መሬት ላይ እየጎተተች ሰፈሩን ዞረች። በየቤቱ እየገባች «አባባ ሞቷል፤ ሰምታችኋል?» ትላለች። ስለ ጸበሉ ሲምሉላት የከረሙ ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት። ማንንም ሳትዘል ተቀበለች።

ስትመለስ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አጠገቤ መጥታ፣ ትልልቆቹ ሲያደርጉ እንዳየችው እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለችኝ። «ሳልሰማ ነው የቆየሁት።»