የቀይ ገደል እንግዳ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲኬድ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ቀይ ገደል ሥር ፍል ውኃ ነበረ። በሬ የጠፋበት ገበሬ እንፋሎቱን ተከትሎ አገኘው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወገቡን የሚያመው፣ ጉልበቱን የያዘው ሁሉ ይጎርፍ ጀመር። የቆርቆሮ ቤቶች አፋፉ ላይ ተደረደሩ፤ ሻይ ቤቱም ሱቁም ተከተለ፤ መንደሩ በእንግዳ የሚተዳደር ሆነ። ሀብትነሽም ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ያምሮትን ያሳደገችው ክፍል እያከራየች ነው።

አንድ ጳጉሜን ላይ እማማ ወለተ ሐና የሚባሉ አሮጊት ከደምበጫ መጥተው ከሀብትነሽ ክፍል ተከራዩ። ገና ጎህ ሲቀድ ውኃው ውስጥ መግባት ይወዱ ነበርና፣

«ልጄ፣ እንቅልፌ ከባድ ነው፤ ግድግዳውን መታ መታ አድርጊልኝ» አሏት።

አደረገችላቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው በካፊያው ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ገደሉ ተናደና ውኃውንም እሳቸውንም ዋጠ። ሰው ሁሉ ዶማ ይዞ ቢወጣም ሬሳቸው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ቀረ። ጎረቤቶቿ ቆርቆሯቸውን እየነቀሉ ወደ ቡሬ ገቡ። ሀብትነሽ ብቻዋን ስትቀር፣ በየማለዳው ከባዶው ክፍል በኩል ግድግዳው ይመታ ጀመር። ቀስ ያለ፣ የተኛን ሰው ላለማስደንገጥ የሚጠነቀቅ ዓይነት ምት ነው። ፍኖተ ሰላም የምትኖረው ልጇ ያምሮት መጥታ አይጥ ነው አለቻት፤ አድራ ከሰማች ወዲያ ግን ደግማ አላደረችም። ቄሱም ጠበል ረጩ፤ አልተወም።

ቢጨንቃት ደምበጫ ሄዳ የአሮጊቷን ልጅ ባምላኩን ፈልጋ አገኘችው። ይቆጣኛል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማትና አብሯት መጣ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ አደረ።

ሲነጋጋ ግድግዳው ተመታ። ሀብትነሽ በወዲህ በኩል ስታዳምጥ፣ ባምላኩ እንዲህ ሲል ሰማችው፦

«እማዬ፣ ሀብትነሽ ተነሥታለች። ውኃው ግን ተደፍኗል፤ ከእንግዲህ መውረጃ የለም። ዕረፊ በቃ።»

ምቱ ቆመ። ባምላኩ ቆይቶ ሲወጣ ቀኝ እጁ ርሶ፣ በማለዳው ብርድ እንፋሎት ያወጣ ነበር።

«ያዘችኝ» አለ።

ናዳው ላይ ፍትሐት ተደረገላቸው። ሀብትነሽም ጥቅምት ሳይወጣ ልጇ ዘንድ ገባች፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ለባጃጅ ነጂዎች ሻይ ታፈላለች። በቀይ ገደል የሚኖር የለም። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ግን ናዳውን ሲያቋርጡ መሬቱ ከሥር ይሞቀናል ይላሉ። ጫማውን አውልቆ የሚቆም አለ፤ አብዛኛው ግን ይፈጥናል።