ዳማከሴው ያዘገየን ጠዋት

መጀመሪያ የወደቀው የሻይ ማንኪያው ነው። ባለቤቴ ማርቆስ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሞከረ፤ ቀኝ እጁ እንቢ አለው። ቀና ሲል አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

እኔም ምርመራዬን ወዲያው ጨረስኩ። ትናንት ፀሐይ ላይ ውሎ ገብቷል፤ ፊቱ ተጣሟል፤ በቃ ምች ነው። ለቡ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን፣ ሳሎን መስኮት ሥር፣ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ዳማከሴ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል አበቅላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ለምች የሚመጣው እኔ ጋ ነው፤ ኩራትም ይሰማኝ ነበር። ዳማከሴውን ጨምቄ ፊቱን አሸሁት። በሻይ አጠጣሁት፤ ትን አለው። አስተኛሁት። ስድስት ሰዓት ላይ ስቀሰቅሰው ስሜን መጥራት አቃተው።

ሆስፒታል ወሰድነው። ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሟ አየችውና፣ "ስትሮክ ነው። የረጋ ደም የጭንቅላቱን የደም ሥር ዘግቶታል። ስንት ሰዓት ጀመረ?" አለችኝ።

ነገርኳት።

"የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። አሁን አልፏል።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነው። ያንን ቀኝ እጅ በገዛ ቅጠሌ የቀማሁት መሰለኝ።

ከሆስፒታል እንደወጣን ጄሪካኖቹን ልጥላቸው ወደ በሩ አወጣኋቸው። ማርቆስ በተኮላተፈ አንደበቱ፣ "በሶብላው ደግሞ... ምን አደረገሽ?" አለኝ። እየሳቅሁም እያለቀስኩም መለስኳቸው።

ሐኪሟ ለደም ግፊቱ ጨው እንድንቀንስ አዝዛን ስለነበር አልጫውን የሚያጣፍጥልን ያው በሶብላና የጥብስ ቅጠል ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቱ ባቄላ እየለቀመ ጣቶቹን እንዲያለማምድ ነገረው፤ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲለውም ማርቆስ፣ "እንቁላሉስ ይሂድ፤ የቀረው የኔ ጣት ነው" ብሎ አሳቀን። ባቄላው ሲሰለቸው ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁለት። በሶብላ ጫፉ ካልተቀነጠሰ ቶሎ ያብብና ቅጠሉ ያንሳል፤ ስለዚህ ቀንጣሹ እሱ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከነሥሩ እየነቀለ ሲያወጣው እኔ መልሼ እተክለው ነበር። በየጠዋቱም የደነዘዘውን የቀኝ እጁን ሌባ ጣት አፈሩ ውስጥ ሰክቶ እርጥብ ይሁን ደረቅ ይነግረኛል፤ ለብዙ ጊዜ በግምት ነበር የሚመልሰው፣ አንድ ቀን ግን "ደርቋል፣ አጠጪው" አለኝ፤ ስነካው እውነትም ደርቋል።

ባለፈው ቅዳሜ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልጅ በር አንኳኳች። "እትዬ ዙፋን፣ እማዬን ምች መታት፤ ትንሽ ዳማከሴ ይሰጡኛል?"

እጄ ወደ ቅጠሉ አልሄደም። ደረጃውን ወጥቼ እናትየዋን ፈገግ በይ፣ ሁለቱንም እጅሽን አንሺ፣ ስሜን ጥሪ አልኳት። ፊቷም እጇም ንግግሯም ደህና ነው፤ ትኩሳትና የቆሰለ ከንፈር ብቻ ነው ያላት። ካልበረደላት ጤና ጣቢያ ውሰጃት ብዬ ዳማከሴውን ልሰጣት ልጅቷን ይዤ ወረድኩ። ማርቆስ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዳማከሴ ይቀነጥሳል። ግንዱ ንቅንቅ አላለም።

ቁልፍ መትከል ገና ያስቸግረዋል፤ ቀጥታውን ስፌት ግን ጀምሯል። ጌታ ይመስገን፣ ሐኪሟም ፊዚዮቴራፒስቱም ይባረኩ። እናንተም ቅጠላችሁን ትከሉ፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ግን ማንኛውንም ቅጠል ከማጠጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ ጨምቃችሁ አትቀመጡ፤ ሩጡ። "ስንት ሰዓት ጀመረ?" ስትባሉ፣ "አሁን" ለማለት ያብቃችሁ።